«የማን ወገን ናችሁ?» የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በጠረፍ ገበሬዎች ደጅ

በመስከረም 2025 የሚዙሪና የካንሳስ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ከ2011 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠሙ። ሚዙሪ 42 ለ 31 አሸነፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ደጋፊው ይህን ግጥሚያ «የድንበር ጦርነት» ይለዋል። በ2004 ስሙን ለማለዘብ ተሞክሮ ነበር፤ ሰዉ ግን ከአፉ አላወጣውም። የካንሳሱ ቡድን «ጄይሆክስ» ይባላል። ዛሬ ቲሸርት ላይ የሚታተም አስቂኝ ወፍ ነው። በ1861 ግን «ጄይሆከሮች (ከካንሳስ እየተሻገሩ የሚዘርፉ ታጣቂዎች) መጡ» ሲባል የምዕራብ ሚዙሪ ገበሬ ፈረሱን ጫካ ይደብቅ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ፖለቲካው በጋለ ቁጥር «ሁለተኛ የእርስ በርስ ጦርነት ይመጣ ይሆን?» የሚል ወሬ ይነሳል። የመጀመሪያውም ቢሆን ገና አላለቀም። በአንድ የደቡብ ጄኔራል ስም ፎርት ብራግ የተባለው የጦር ሰፈር በ2023 ፎርት ሊበርቲ ተባለ። በ2025 ደግሞ ተመልሶ ብራግ ሆነ፤ ያውም ከደቡቡ ጄኔራል ጋር ሞክሼ የሆነ ሌላ ወታደር ተፈልጎ። ስለ ጦርነቱ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናቸው የሚታያቸው ካርታ ነው። ሰሜኑ፣ ማለትም የፌደራል መንግሥቱና የአንድነቱ ወገን፣ በአንድ ቀለም፤ ባርነትን ይዞ ለመገንጠል የተዋጋው ደቡብ በሌላ ቀለም። ሁለት ጦር ፊት ለፊት ለተጋጠመበት ለጌቲስበርግ ውጊያ ይህ ካርታ ይበቃል። ጎረቤትና ጎረቤት ተደባልቆ ለሚኖርበት አገር ግን አይሆንም። ይህን ማየት የፈለገ ሰው ሚዙሪና ካንሳስ የሚዋሰኑበትን ጠረፍ ቢመለከት ይሻለዋል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በጠረፉ አብዛኛው ቤተሰብ ጎራ የለየው ተሰብስቦ ተመካክሮ አልነበረም። ደጁ ላይ የቆመ የታጠቀ ሰው «የማን ናችሁ?» ስላለው ነው። ከዚያ በኋላ መሐላው፣ የዋስትና ወረቀቱ፣ የሚሊሻ ምዝገባውና ቤተሰብ ማፈናቀሉ ተከታተሉ። ጠላት ለመለየት የተሠራው አሠራር ራሱ ጠላት ማምረት ጀመረ።

መጀመሪያ ሕዝቡ ምን ያስብ እንደነበር እንይ። በ1860ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሚዙሪ ውስጥ ስቲቨን ዳግላስና ጆን ቤል በአንድነት ከ10 ድምፅ 7ቱን ወሰዱ። ሁለቱም የመሐል ሰዎች ነበሩ። «አገር አይፍረስ፣ ነገሩም አይክረር» ባዮች። ሊንከን ያገኘው ወደ 17,000 ድምፅ ብቻ ነበር። በመጋቢት 1861 ደግሞ ስለ መገንጠል እንዲወስን የተጠራው የግዛቱ ጉባኤ 98 ለ 1 በሆነ ድምፅ መገንጠልን አልተቀበለም። ልብ በሉ፣ ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ነች። በ1860ው ቆጠራ 114,931 ሰዎች በባርነት ተይዘውባት ነበር። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ነጮች ከኬንታኪ፣ ከቨርጂኒያና ከቴነሲ የመጡ ናቸው። አጎትና አክስት ደቡብ ነው ያለው። ገበያው ግን ሴንት ሉዊስ ነው፣ የባቡር ሐዲዱ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ነው የሚወስደው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ደግሞ ባርነትን የሚጠሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጀርመኖች አሉ። እንዲህ ያለ አገር ላይ የቆመ ሰው መሐል መቆም ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ግን ጠረፉ ከዚያ በፊትም ሰላም አልነበረም። በ1854 የወጣው የካንሳስና ነብራስካ ሕግ «ባርነት ይኑር አይኑር ሰፋሪው ራሱ ይወስን» አለ። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ውጤቱ ግን ከሁለቱም ወገን የታጠቀ ሰፋሪ ወደ ካንሳስ መጉረፉ ነበር። ድምፅ ለመስጠት ከሚዙሪ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ፣ ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በሽ ነበር። በግንቦት 1856 የባርነት ደጋፊዎች የባርነት ተቃዋሚዎች የሰፈሩባትን የካንሳሷን ሎረንስ ከተማ ዘረፉ። በቀናት ውስጥ የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውንና ተከታዮቹ ፖታዋቶሚ ክሪክ አካባቢ 5 ሰዎችን በሌሊት ከቤታቸው እያወጡ ገደሉ። ምሥራቅ ያሉ አሜሪካውያን ጦርነቱን የሚቆጥሩት ከ1861 ነው። እዚህ ግን ያኔ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር።

በግንቦት 1861 መሐል መቆም ከበደ። ናትናኤል ላየን የተባለ የፌደራል መኮንን ሴንት ሉዊስ ዳር ሰፍሮ የነበረውን፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው የተባለውን የግዛቱን ሚሊሻ ከቦ ማረከ። ምርኮኞቹን በከተማው መሐል ሲነዳቸው ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ስድብና ድንጋይ ተወረወረ፣ ወታደሮቹም ተኮሱ። ወደ 28 ሲቪሎች ሞቱ። ስተርሊንግ ፕራይስ ያንን 98 ለ 1 የወሰነውን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመራ ሰው ነው። ከተኩሱ በኋላ የግዛቱን ጦር ይዞ ከፌደራል መንግሥት ጋር ተዋጋ። በሁለት ወር ተኩል! ጉባኤ የመራ ሰው እንዲህ ከተገለበጠ ከተማ ያልደረሰ ገበሬ ምን ይሁን? በዓመቱ መጨረሻ ሚዙሪ ሁለት መንግሥት ነበራት። አንዱ በጄፈርሰን ሲቲ፣ ሌላው በስደት። ሁለቱም «ሕጋዊው እኔ ነኝ» ይላሉ።

አሁን ወደ ገበሬው ደጅ እንምጣ።

ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ ፈረሰኞች ግቢ ይገባሉ። ሰማያዊ የፌደራል ጦር ልብስ ነው። ግን ጫካ የገቡት የደቡብ ሸማቂዎችም ከሞቱና ከተማረኩ ወታደሮች የገፈፉትን ሰማያዊ ልብስ ይለብሳሉ። ለማታለል ነው። «የማን ናችሁ?» ይላሉ። «የአንድነቱ» ካልክና ሸማቂዎች ከሆኑ ሞትክ። «የደቡብ» ካልክና የምር ወታደሮች ከሆኑ ቤትህ ተቃጠለ። ዝም ካልክ ደግሞ የምትደብቀው አለህ። ምግብ ብትሰጥ ችግር ነው፣ ብትከለክል ችግር ነው። እራት ማቅረብ ብቻውን ወንጀል የሆነበት ጊዜ ነበር። ሸማቂዎች ትናንት ማታ በግድ በልተው ከሄዱ ዛሬ ጠዋት የመጣው የፌደራል ፓትሮል «ለምን ምግብ ሰጠሻቸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሴትየዋን ነው። ባልየው ወይ ዘምቷል፣ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ሞቷል።

በሐምሌ 1862 ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። የሚዙሪው አዛዥ ጄኔራል ጆን ስኮፊልድ መሣሪያ መያዝ የሚችል ወንድ ሁሉ በሚሊሻ እንዲመዘገብ አዘዘ። ታማኝ ነኝ ያለ ታጥቆ ሸማቂ ያሳድዳል። ለደቡብ ያዘነ ደግሞ በዚያው መዝገብ ላይ «ታማኝ ያልሆነ» ተብሎ ስሙ ይሰፍራል፣ መሣሪያውንም ያስረክባል። ትእዛዙን ከጽሕፈት ቤት ሆኖ ላየው ሰው ምክንያታዊ ነው። ከገበሬው በኩል ስናየው ግን ምርጫው ሌላ ነበር። ወይ የአጎትህን ልጅ ማሳደድ፣ ወይ መሣሪያህን አስረክበህ ዘራፊ በሞላበት አገር ባዶ እጅህን መቀመጥ፣ ወይ ጫካ መግባት። ብዙ ወጣት ጫካ ገባ። እስከዚያች ቀን እርሻውን ሲያርስ የነበረ ወጣት ማለት ነው። ለኔ ይህ ትእዛዝ ከማንኛውም ውጊያ በላይ ሸማቂ ፈጥሯል።

የሄንሪ ዋሽንግተን ያንገር ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በካስ ካውንቲ ሀብታም ነበር። መሬት አለው፣ በባርነት የያዛቸው ሰዎች አሉት፣ ከፌደራል መንግሥት ጋር የፖስታ ማመላለሻ ውል አለው። መገንጠልን ይቃወም ነበር። ይህ ግን አልጠቀመውም። በ1861 የካንሳስ ዘራፊዎች ፈረሶቹንና ጋሪዎቹን ወሰዱበት። በሐምሌ 1862 ከካንሳስ ሲቲ ሲመለስ መንገድ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። ተጠርጣሪዎቹ የራሱ ወገን ናቸው የተባሉት የፌደራል ሚሊሻዎች ነበሩ። ለሞቱ ማንም አልተፈረደበትም። ልጁ ኮል ያንገር ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ጫካ ገብቷል። በኋላ ራሱ እንደተናገረው መነሻው በአንድ ጭፈራ ላይ ከአንድ የሚሊሻ መኮንን ጋር በእህቱ የተነሳ መጣላቱ ነው። ይህን ልብ በሉት። አባት የአንድነት ደጋፊ፣ ልጅ የደቡብ ሸማቂ። በመጽሐፍ ሲጻፍ «በፖለቲካ የተከፋፈለ ቤተሰብ» ይባላል። በቅርብ ሲታይ ግን ጭፈራ ቤት የተጀመረ ጠብና የተዘረፈ በረት ነው።

ሌላው ቤተሰብ በጃክሰን ካውንቲ የሰለሞን ያንግ ቤተሰብ ነው። ሰለሞን በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ ዕቃ እያጓጓዘ የሚነግድ ሰው ነበር። በ1861 የካንሳሱ የፌደራል ወገን አዛዥ የጂም ሌን ጭፍሮች ቤቱ ሲደርሱ እሱ መንገድ ላይ ነው። ሚስቱ ሃሪየት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ነች። ቤተሰቡ ለልጅ ልጅ ሲያወራው በኖረው ታሪክ መሠረት ወታደሮቹ አሳማዎቹን ገድለው የፈለጉትን ሥጋ ቆርጠው ወሰዱ፣ ጎተራውን አቃጠሉ። ሃሪየትን እጇ እስኪላጥ ድረስ ዳቦ አስጋገሯት። የ13 ዓመት ልጇን ሃሪሰንን ደግሞ «አባትህ የት ነው?» እያሉ አንገቱ ላይ ገመድ አስገብተው ከመሬት አነሱት፣ አወረዱት፣ ደግመው አነሱት። ልጁ አላወጣም። ተረፈ።

የሃሪየት ሴት ልጅ ማርታ ኤለን የሃሪ ትሩማን እናት ናት። አዎ፣ የፕሬዚዳንቱ። ትሩማን በ1905 የብሔራዊ ዘብ አባል ሆኖ አዲስ ሰማያዊ የደንብ ልብሱን ለብሶ አያቱን ሊጠይቅ ሄደ። አያትየው አየችውና ከ1863 ወዲህ ሰማያዊ ልብስ እዚህ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ነገረችው። ሁለተኛም ለብሶት እንዳይመጣ። 40 ዓመት አልፎ ነበር።

1863ን የጠራችው ያለ ምክንያት አይደለም።

እስከዚያ ዓመት ድረስ የፌደራል አዛዦች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ጫካ ያለውን ሸማቂ መያዝ አይቻልም፣ ቤት ያለውን ስንቅ ግን ማግኘት ይቻላል። ስንቁ ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ምግብ የሚያበስሉት፣ ቁስል የሚያጥቡት፣ ወሬ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ከካንሳስ ሲቲ የሽጉጥ ቀለህና ባሩድ ገዝተው በቀሚሳቸው ሥር ደብቀው ያወጡ ነበር። የሸማቂዎቹን ሸሚዝ የሰፉትም እናቶች፣ እህቶችና ፍቅረኞች ናቸው። በደረቱ በኩል ትላልቅ ኪስ ያለው፣ በጥልፍ አበባ ያጌጠ ሸሚዝ ነው። ኪሱ ለጥይት ነው፣ አበባው ለፍቅር። በፎቶግራፍ የቀሩ አሉ። ሽጉጥ በሽጉጥ ላይ የታጠቀ የ18 ዓመት ልጅ፣ ደረቱ ላይ እናቱ የጠለፈችው አበባ።

የጠረፉ አዛዥ ጄኔራል ቶማስ ዩዊንግ ሴቶቹን ማሰር ጀመረ። የተወሰኑት ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ ፎቅ ቤት ታሰሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1863 ቤቱ ተደረመሰ። ቢያንስ 4 ወጣት ሴቶች ሞቱ። አንዷ የሸማቂው ቢል አንደርሰን እህት ጆሴፊን ናት። ሌላዋ እህቱ አካሏ ጎደለ። ሸማቂዎቹ «ሆን ተብሎ ነው» አሉ። ማስረጃ አልተገኘም። ማስረጃ የሚጠብቅ ግን አልነበረም።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 21 ንጋት ላይ፣ የሸማቂዎቹ መሪ ዊሊያም ኳንትሪል 400 ያህል ፈረሰኛ ይዞ ሎረንስ ገባ። ዘመቻው ከቤቱ መደርመስ በፊት የታሰበ ይመስላል። ስለዚህ «ለእህቶቻችን ደም ነው» የሚለው ሰበብ ሙሉ በሙሉ አይዋጥም። ቁጣውን ግን ጨምሮታል። ከ150 በላይ ወንዶችና ወጣቶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፣ ብዙዎቹም በቤተሰባቸው ፊት ነው የተረሸኑት። ሴቶቹን አልገደሏቸውም። የቄስ ሂዩ ፊሸር ሚስት ኤልሳቤጥ ቤቷ ሲቃጠል «ምንጣፌን ላውጣ» ብላ ባሏን ምንጣፍ ሥር ሸፍና እየጎተተች ከቤት አወጣችው። በገዳዮቹ ዓይን ፊት። ጎረቤቶቿ እንዲህ አልቀናቸውም።

ዩዊንግ በአራተኛው ቀን ትእዛዝ ቁጥር 11ን አወጣ። ጃክሰን፣ ካስና ቤትስ ካውንቲዎች እንዲሁም የቨርነን ሰሜናዊ ክፍል በ15 ቀን ውስጥ ባዶ ይሁኑ አለ። ከጥቂት የጦር ሰፈር ከተሞች አንድ ማይል ርቀት ውስጥ የሚኖር ብቻ ይቀራል። 20,000 ያህል ሰው ተነቀለ። ትእዛዙን ሳነበው ከሁሉ የሚገርመኝ ስለ ታማኞቹ የሚለው ነው። ታማኝነቱን ለአዛዡ ያረጋገጠ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ምን ያደርግለታል? ወደ ጦር ሰፈር ወይም ወደ አብዛኛው ካንሳስ መዛወር ይፈቅድለታል። ቤቱ መቅረት ግን አይፈቅድለትም! ሁለት ዓመት ሙሉ «የአንድነቱ ነኝ» በማለቱ ሲገረፍ የኖረ ሰው እህሉና ድርቆሹ ለጦሩ ገቢ ሆኖ፣ የተረፈው ተቃጥሎ፣ ከጠላቱ ጎን በዚያው መንገድ ይሰደዳል። ሁለት ያጣ ማለት ይህ ነው።

ካስ ካውንቲ ወደ 10,000 ነዋሪ ነበራት። ከትእዛዙ በኋላ የቀሩት 600 ያህል ናቸው። ማርታ ኤለን ያንግ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ናት። ቤተሰቡ የቻለውን በበሬ ጋሪ ጭኖ ወደ ካንሳስ ሲቲ ወጣ። ባዶውን ቤት የካንሳስ ፈረሰኞች እየዞሩ አቃጠሉት። ከእንጨት ቤቱ የሚተርፈው የድንጋይ ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ሰዎች ጭስ ማውጫዎቹን «የጄኒሰን የመቃብር ድንጋዮች» አሏቸው፤ ቻርልስ ጄኒሰን በዘረፋ የታወቀ የካንሳስ አዛዥ ነው።

ትእዛዙ ሠርቷል ወይ? በከፊል። ሸማቂው ከነዚያ ካውንቲዎች ወጣ፤ የሚበላው አልነበረማ። ወጥቶ ግን ወደ መሐል ሚዙሪ ሄደ። በመስከረም 1864 ቢል አንደርሰን ሴንትሬሊያ ላይ ባቡር አስቁሞ መሣሪያ ያልያዙ ከ20 በላይ ወታደሮችን ረሸነ። በዚያው ቀን ሊያሳድደው ከመጣው ጦር ከ100 በላይ ገደለ። ችግሩ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በትእዛዙ በጣም የተቆጣው ደግሞ የደቡብ ደጋፊ አልነበረም። ሠዓሊው ጆርጅ ኬሌብ ቢንገም የታወቀ የአንድነት ሰው ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ የሚዙሪ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የተደረመሰው እስር ቤትም የቤተሰቡ ነበር። ዩዊንግን ትእዛዙን እንዲያነሳ ለመነው፣ እምቢ ሲለው ዛተበት። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ትልቅ ሥዕል ሣለ። ሽማግሌ ቆሞ ይከራከራል፣ ሴት ወድቃ ትለምናለች፣ ከኋላ ጭስ፣ መሐል ላይ በፈረስ ላይ የተቀመጠው ዩዊንግ። ዩዊንግ በ1879 ለኦሃዮ አገረ ገዥነት ሲወዳደር ይህ ታሪክ ተከተለው። ተሸነፈ። ሥዕሉ ብቻ ጣለው ማለት ግን ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ የሚከነክነኝን ልናገር። «የተከፋፈለ ታማኝነት» ሲባል የምንናገረው ስለ ነጭ ቤተሰቦች ነው። በቢንገም ሥዕል ላይ ጥቁሮቹ ዳር ላይ እያለቀሱ ነው የሚታዩት። እውነታው ሌላ ነበር። ለ114,931ዱ ሰዎች «የማን ወገን ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ አላስቸገራቸውም። በጠረፉ ለነበሩት ካንሳስ የአንድ ሌሊት መንገድ ነበረች። በ1860 ካንሳስ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች ከ1,000 በታች ናቸው። በ1865 ከ12,000 በላይ ሆኑ። ከነሱ መካከል የመጀመሪያው የካንሳስ ጥቁር እግረኛ ጦር ወጣ። ጥቅምት 29 ቀን 1862 በዚያችው ቤትስ ካውንቲ፣ አይላንድ ማውንድ ላይ፣ ሸማቂዎችን ገጥሞ መለሳቸው። የሊንከን የነፃነት አዋጅ ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ወታደሮቹ አንድ የሸማቂ ደጋፊ ገበሬ ቤት ይዘው በአጥር እንጨት መሸጉና «ፎርት አፍሪካ» አሉት።

እነሱም ግን የቤተሰብ ችግር ነበረባቸው፣ ሌላ ዓይነት። ሚዙሪ አልተገነጠለችምና የሊንከን አዋጅ አይመለከታትም። ለመንግሥት «ታማኝ» የሆነ ጌታ ባሪያውን ይዞ መቀጠል ይችላል። ባል አምልጦ ወታደር ሲሆን ሚስትና ልጆች ከተናደደው ጌታ ጋር ይቀራሉ። ይደበደባሉ፣ ስንቃቸው ይቀነሳል፣ ከቤት ይባረራሉ። እስከ ጥር 11 ቀን 1865 ድረስ፣ ሚዙሪ ራሷ ባርነትን እስክትሽር፣ እንዲህ ነበር። የጌታው ታማኝነት ለነሱ እርግማን ነው።

የፌደራሉን ወገን ብቻ የወቀስኩ እንዳይመስል ወደ ቴክሳስ ልሻገር። በሰሜን ቴክሳስ ያለችው ኩክ ካውንቲ በ1861 መገንጠልን የተቃወመች ጠረፍ ናት። አብዛኛው ገበሬ ባሪያ የለውም። በሚያዝያ 1862 የደቡቡ መንግሥት ግዴታ ውትድርና ሲያውጅ ሰዎቹ ተሰብስበው አጉረመረሙ። ጉርምርምታው «ሴራ» ተባለ። በጥቅምት ጌንስቪል ከተማ ላይ «የዜጎች ፍርድ ቤት» ተቋቋመ። 12 ዳኞች ተሰየሙ፣ አብዛኞቹ ባሪያ አሳዳሪዎች። ወደ 40 ሰው ተሰቀለ። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፣ ገመዱም ያው። የተቀየረው ጠያቂው ነው።

ከካንሳስ በስተደቡብ ደግሞ ዛሬ ኦክላሆማ የምትባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች («ሕንዶች») ግዛት አለች። ከነዚህ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ቸሮኪዎች ከደቡብ ጋር ውል የፈረሙት በ1861 ነው። የፈረመው ዋና አለቃቸው ጆን ሮስ በዓመቱ ከፌደራል ጦር ጋር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ተቀናቃኙ ስታንድ ዋቲ የደቡብ ጄኔራል ሆነ። ነገር ግን የሁለቱ ጠብ ከሊንከን ጋር ምን አገናኘው? መነሻው በ1835 ቸሮኪዎችን ከምሥራቅ አገራቸው ያፈናቀለው ውል ነው። የውሉ ፈራሚዎች በ1839 ሲገደሉ ከሟቾቹ አንዱ የዋቲ ወንድም ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ለዚህ የቆየ ቂም መሣሪያ አቀረበለት። በ1863 ዋቲ የሮስን ቤት አቃጠለ። የዋቲ ሚስት ሣራ ቴክሳስ ተሰድዳ ለባሏ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። በአንዱ ላይ ልጃቸው ሳላዲን እስረኛ መግደሉን ሰምታ ክፉኛ መጨነቋን ትነግረዋለች። የጄኔራል ሚስት ናት። ልጇ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ከእናት የሚደበቅ አልነበረም።

ሊንከን ከዋሽንግተን ሆኖ የሚዙሪን ነገር ሲያይ ራሱን ይይዝ ነበር። በግንቦት 1863 ለስኮፊልድ በጻፈው ደብዳቤ ሁለቱም አንጃዎች ከሰደቡህ፣ ወይም ሁለቱም ከተዉህ፣ ትክክል ሳትሆን አትቀርም አለው። አንዱ እያመሰገነህ ሌላው ከሰደበህ ግን ተጠንቀቅ። ብልህ ምክር ነው። ለጄኔራል ይሠራል። ለገበሬ አይሠራም፤ ሁለቱም ወገን የሰደበው ገበሬ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይቃጠላል።

ሰላም ከመጣም በኋላ ጥያቄው አልቆመም፣ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። በ1865 የወጣው የሚዙሪ ሕገ መንግሥት መራጭ፣ ጠበቃ፣ አስተማሪና ቄስ ሁሉ እንዲምሉ አዘዘ። መሐላው «ከእንግዲህ ታማኝ እሆናለሁ» የሚል ቢሆን ማንም ይምል ነበር። «ከዚህ በፊት ጠላትን በቃልም በሥራም ረድቼ፣ አዝኜለትም አላውቅም» ነው የሚለው። ልጇ ጫካ የሞተባት እናት አላዘንኩም ብላ ትምላለች? ጆን ከሚንግስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ሳይምሉ ሰበኩና ተከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1867፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ መሐላው በሳቸው ሙያ ላይ ተሻረ። መራጩን ማስማሉ ግን እስከ 1870 ቀጠለ። ያን ጊዜ ከመራጭነት የተገፋው ሰው፣ መሐላው ሲነሳ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ መገመት አይከብድም።

በዚህ ቂም ላይ ነው እነ ጄሲ ጄምስና እነ ኮል ያንገር የነገዱት። የጄሲ ወንድም ፍራንክም ከኳንትሪል ጋር የነበረ ነው። ጄሲ ልጅ ሳለ በ1863 ሚሊሻዎች እንጀራ አባቱን ከዛፍ ላይ እያንጠለጠሉ መርምረውታል። ከጦርነቱ በኋላ ባንክና ባቡር ሲዘርፉ ደጋፊ ጋዜጣ «የተገፉ ጀግኖች» አላቸው። የደረሰባቸው ግፍ እውነት ነው። ሰበባቸው ግን ለኔ ውኃ አይቋጥርም፤ አባቱ የተገደለበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ስንት ሺህ ሰው ተመልሶ አርሷል። በመስከረም 1876 ቡድኑ እስከ ሚኒሶታ ድረስ ሄዶ በኖርዝፊልድ ከተማ ባንክ ለመዝረፍ ሞከረ። ኮል በኋላ ሲጠየቅ ባንኩን የመረጡት የሰሜኑ ጄኔራል የአዴልበርት ኤምስ ገንዘብ አለበት ብለው እንደሆነ ተናግሯል። የኖርዝፊልድ ነዋሪ የጄኔራሉን ገንዘብ አያውቅም። የራሱ ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነበርና ከየሱቁ ጠመንጃ ይዞ ወጣ።